በዝግታ መብረርና ከስቶል መውጣት፤ አራት የታክሲ ሾፌሮች በሬንተን ሜዳ የተማርነው



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ አውሮፕላን ትምህርታችሁ ንገሩን» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች ስለ ቤት መግዣ ብድር፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርትና ስለ ዕድራችን ነው ያስረዱን። ሁሉም ለኑሮ የሚጠቅም ነገር ነው። እኛ ልንናገር የመጣነው ግን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሆን ተብሎ ሰማይ ላይ እንዴት እንድትከዳ እንደሚደረግና ከዚያ እንዴት እንደምትመለስ ነው። ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

«እኛ» ስንል አራት የታክሲ ሾፌሮች ነን፤ ሁላችንም በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ እንገኛለን። ሁለታችን አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የነበርንና በ1993 ዓ.ም. ትምህርታችንን ያቋረጥን ነን። ሦስተኛው ከአዊ የመጣ፣ ፈረስ ላይ ያደገ ነው። አራተኛው ድሬዳዋ ተወልዶ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። ስማችን በመጽሔቱ ላይ እንዳይወጣ የጠየቅነው ወጪውን በሙሉ ገና ለባለቤቶቻችን ስላልተናገርን ነው።

ለምን እንደጀመርነው እንናገር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019) አዲስ አበባ ላይ እሑድ ጧት ሲሆን እዚህ ሲያትል ገና ቅዳሜ ምሽት ነበር። ቅዳሜ ምሽት ለታክሲ ሾፌር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኤርፖርት ተራ እየጠበቅን ሳለ ስልኮቻችን ተራ በተራ ይጮኹ ጀመር። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት አልፏል። የዚያን ሰሞን ሐዘን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ወደ አውሮፕላን ሜዳ የወሰደን ግን ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። በቀጠሉት ሳምንታት ከኋላ ወንበራችን የሚሰማው ንግግር ነው። ተሳፋሪው ከየት እንደመጣን ይጠይቃል፤ እንነግረዋለን። «አዎን፣ አውሮፕላኑ የወደቀበት አገር» ይላል። ከዚያ ይቀጥላል፤ «አብራሪዎቹ ልምድ ስለሌላቸው ነው፤ እዚህ የሠለጠነ ሰው ቢሆን ኖሮ አይወድቅም ነበር»። አንዱ የረዳት አብራሪውን 361 የበረራ ሰዓት እየጠቀሰ ይስቅ ነበር። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ መሆኑን ግን አላነሣም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኛን ያንገበገበን ስድቡ አልነበረም፤ የምንመልሰው አጥተን በመስታወት እያየነው ዝም ማለታችን ነበር። ስቶል ምንድነው? የክንፍ ማዕዘን ምንድነው? መሪው የሚንቀጠቀጠው ለምንድነው? ጋዜጣው ሁሉ ስለነዚህ ይጽፋል፤ እኛ ደግሞ ፊዚክስ የጀመርን ሰዎች ሆነን የምናውቀው የበርኑሊን ቀመር ከጥቁር ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ብቻ ነበር።

ያ አውሮፕላን የተገጣጠመበት ፋብሪካ ደግሞ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም፤ ሬንተን ነው። ከፋብሪካው ጎን አንድ ማኮብኮቢያ አለ፤ አዲሶቹ 737 አውሮፕላኖችም፣ ለማጅ የሚያበርራቸው ትንንሾቹ ሴስናዎችም የሚነሡት ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጸው ወራት እዚያ ሄደን ስንመዘገብ፣ በረራ የታገዱት ማክስ አውሮፕላኖች የየአገሩን ቀለም ተቀብተው ተደርድረው ቆመው ነበር። በነሱ አጠገብ እያለፍን ነው የተማርነው። የአንድ ሰዓት በረራ ከነአስተማሪው የአንድ ሙሉ ቀን ሥራችንን ይበላ ስለነበር ዘዴ ፈጠርን፤ ሴስና 172 አራት ወንበር ስላላት አንዱ ከፍሎ ሲያበርር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ በነፃ ይማራል። ከኋላ የተቀመጠው ቀጥ ብሎ ከሚያየው ይልቅ ፌስታል ፍለጋ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበዛ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነው። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው አውሮፕላን መሬት ላይ ሲነዳ ማየት ያሳዝናል። መሪውን ወደ ግራ ያዞራል፤ አውሮፕላኗ ግድ የላትም፤ ወደ ሣሩ ትሄዳለች። መሬት ላይ የምትዞረው በእግር ነው፤ የእኛ እግር ደግሞ ከነዳጅና ከፍሬን ሌላ ሥራ አያውቅም። አውሮፕላንን መሬት ላይ መንዳት በበረራ ቋንቋ «ታክሲ ማድረግ» ይባላል። አስተማሪያችን፣ ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፣ እኛ በመካከላችን ጋሼ እንላቸዋለን፣ «ታክሲ ማድረግ ያልቻሉ ታክሲ ነጂዎች ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉን። ሁለት እጃችንን ጉልበታችን ላይ አስቀምጠን በእግራችን ብቻ እንድንሄድ አደረጉን።

ስቶል የሚለውን ቃል ስንሰማ ለሁላችንም የመጣልን ሞተር መጥፋት ነው፤ ፍሪሲዮን ቶሎ ሲለቁት መኪና ገደል አፋፍ ላይ እንደሚጠፋው። ነገሩ ሌላ ነው። ስቶል የሞተር ሳይሆን የክንፍ ነው። ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ ክንፉ ሊከዳ ይችላል። ሞተር በሌለው ግላይደር ላይም ይደርሳል፤ ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል እ.ኤ.አ. በ1896 የሞተው በዚሁ ነው፤ ግላይደሩ አየር ላይ ቀጥ አለበት፣ ሊያድነው አልቻለም፣ በማግስቱ አረፈ።

ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው መሣሪያ ታክሲያችን ውስጥ አለ። ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት፣ ሌላ ሰው እየነዳላችሁ፣ በ60 ማይል ፍጥነት መዳፋችሁን በመስኮት አውጡ። መዳፋችሁ ወደ መሬት ይይ። የፊተኛውን ጠርዝ በትንሹ ቀና ስታደርጉት እጃችሁ ይነሣል። ጨመር አድርጋችሁ ቀና ስታደርጉት ይበልጥ ይነሣል። ልክ ግን አለው። ልኩን ሲያልፍ ማንሣቱን ትቶ ክንዳችሁን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ያ ልክ እንደ ክንፉ ቅርጽ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ አየሩ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ ይፈስሳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ከጀርባው ይላቀቅና ይተራመሳል። ስቶል ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ማዕዘኑ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። መጽሐፉ ለሴስና 172 ኤስ ፍላፕ ሳይወርድ 48 ኖት፣ ሙሉ ፍላፕ ሲወርድ 40 ኖት ይላል። 48 ኖት 55 ማይል ገደማ ነው፤ በሀይዌይ ላይ ከምንነዳበት ያነሰ። ግን ይህ ቁጥር ሙሉ ክብደቷን ይዛ ቀጥ ብላ ለምትበር አውሮፕላን ነው። 60 ዲግሪ አጋድላ ከፍታዋን ሳትለቅ ብትዞር ክንፉ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ስለሚሆን 68 ኖት እየበረረች ትከዳለች። ከአራት ኪሎዎቹ አንዱ ይህን ሲሰማ በዚያው ሰሌዳ ላይ ሥሩን ለማውጣት ተነሣ፤ ጋሼ ግን «እሱን ማታ ታክሲህ ውስጥ ሥራው» ብለው ወደ ሜዳ አወጡን።

ከሬንተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ኢነምክሎ እርሻዎች ስንሄድ ሬኒየር ተራራ ፊት ለፊት ይቆማል። የአዊው ጓደኛችን ተራራው ከራስ ዳሸን እንደሚያንስ ለጋሼ ሳይነግራቸው የቀረበት በረራ የለም። 3,500 ጫማ ላይ እንሆናለን። መጀመሪያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየዞርን ከበታችና ከጎን ሌላ አውሮፕላን አለመኖሩን እናያለን። ከዚያ በዝግታ የመብረር ልምምድ ይጀመራል።

ነዳጁን እስከ 1,500 ዙር ድረስ እንቀንሳለን። አውሮፕላኗ መውረድ ትፈልጋለች፤ እንዳትወርድ መሪውን ቀስ በቀስ ወደ ራሳችን እንስባለን። ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ፍላፕ እናወርዳለን፤ አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ ሬኒየር ከመስታወቱ ይጠፋል። 55 ኖት አካባቢ ስንደርስ የሚመጣው ነገር ነው ለሾፌር የማይዋጠው። እዚያው ከፍታ ላይ ለመቆየት ነዳጅ መጨመር አለብን። ይበልጥ ዝግ ለማለት ከፈለግንም ይበልጥ መጨመር። ክንፉ ቀና ባለ ቁጥር አየሩን የማንሣቱን ያህል ይጎትተዋልና፣ ያንን ጉተታ የሚያሸንፍ ጉልበት ከሞተሩ መምጣት አለበት። ከነድሬዳዋው ጋር አራታችንም በሕይወታችን ዝግ ለማለት ነዳጅ ረግጠን አናውቅም። እዚህ ቦታ ላይ ፍጥነትን የሚያዘው አፍንጫው ነው፤ ከፍታን የሚያዘው ነዳጁ። ለእጅም ለእግርም አዲስ ሕግ ነው።

መሪውም ይለወጣል። በክረምት ጭቃ ላይ መኪና የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ መሪውን ታዞራለህ፣ መልሱ ዘግይቶ ይመጣል። ቀኝ እግራችን ደግሞ ሥራ ይበዛበታል፤ ፕሮፔለሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ምክንያት አፍንጫዋ ያለማቋረጥ ወደ ግራ መሄድ ትፈልጋለች። «ቀኝ እግር! ቀኝ እግር!» የሚለው የጋሼ ድምፅ ሌሊት በእንቅልፋችን ይሰማን ነበር። ይህን ሁሉ መልመድ ለምን አስፈለገ ያላችሁ እንደሆነ፣ አውሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም በዚህ በላላው ክልል አጠገብ ስለሚያልፍ ነው። ላይ፣ ሰፊ ሰማይ ባለበት ያልለመደው ሰው መሬት አጠገብ ሲደርስበት ነው የሚያየው።

አሁን ስለ ጥሩምባዋ እንናገር። በሴስናችን የግራ ክንፍ ፊት ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ክንፉ ወደ ልኩ ሲጠጋ እዚያ ቦታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንስና በቀዳዳዋ በኩል አየር ይስባል፤ ወደ ውስጥ በተዘረጋው ቱቦ የሚያልፈው አየር እንደ አርሞኒካ ያለ ድምፅ ያሰማል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ከስቶል 5 እስከ 10 ኖት ቀደም ብላ ትጮኻለች። ከመነሣታችን በፊት እየሠራች መሆኗን የምናረጋግጠው እንዲህ ነው፤ ንጹሕ መሐረብ ቀዳዳዋ ላይ አድርገን በአፋችን እንስባለን። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በመጽሐፉ የተጻፈ ነው። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል የሚያልፍ የሥራ ባልደረባችን አይቶን ኖሮ፣ በማግስቱ ኤርፖርት ተራ ላይ «እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን ሲስሙ አገኘኋቸው» ብሎ አስወራብን።

ጋሼ ራሳቸው በተማሩበት ዘመን በዝግታ መብረር የሚለመደው ጥሩምባዋ ያለማቋረጥ እየጮኸች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የፈተናውን ደንብ ለወጠው፤ አሁን ተማሪው የሚለማመደው ከጩኸቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ምክንያቱም የማስጠንቀቂያ ድምፅ እየሰማ ሥራውን የሚቀጥል አብራሪ ማፍራት አይገባም የሚል ነው። ጋሼ በዚህ ይነጫነጩ ነበር። በእኛ አስተያየት ግን ደንቡ ልክ ነው። የታክሲውን የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በፕላስተር ሸፍኖ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው በመካከላችን አለና ነገሩ ገብቶናል።

ወደ ስቶሉ እንምጣ። የማረፊያው ዓይነት የሚደረገው ነዳጅ ተዘግቶ፣ ፍላፕ ወርዶ ነው። መሪውን እየሳብን ከፍታችንን ለመጠበቅ እንሞክራለን። ጥሩምባዋ ትጀምራለች፤ ትበረታለች። ከዚያ ወንበሩ ሥር መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ልክ ኮረኮንች መንገድ እንደገባን። ከዚያ አፍንጫዋ ከእጃችን ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል።

የድሬዳዋው ጓደኛችን የመጀመሪያውን ሲያደርግ «በስመ አብ!» ብሎ በሁለት እጁ መሪውን ደረቱ ድረስ ሳበው። አውሮፕላኗ እንደገና ተንቀጠቀጠች፤ እንደገና ወረደች። አሁንም ሳበ። ጋሼ «የእኔ ነው» ብለው መሪውን ተቀብለው በሁለት ጣት ወደፊት ገፋ ሲያደርጉት ወዲያውኑ በረራዋን ቀጠለች። 400 ጫማ ያህል ወርደን ነበር። ምንም አልተቆጡም። «በሕይወትህ ሁሉ ልትወድቅ ስትል የሆነ ነገር ይዘህ ወደ ራስህ ትስባለህ፤ ልጅ ሆነህ ጀምሮ። ያንን ከእጅህ ማውጣት ነው የእኔ ሥራ» አሉት።

ከስቶል መውጫው ሲነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ የሚሳበውን መልቀቅ፣ አፍንጫው ዝቅ ይበል፤ ክንፉ አየሩን መልሶ ይይዛል። ሙሉ ነዳጅ መስጠት። ክንፉ ወደ አንድ ጎን ከተጣለ በእግር ማቃናት። ከዚያ ፍላፑን በደረጃ እየሰበሰቡ መውጣት። የደንቡ ፈተና ይህ ሁሉ ከመሬት 1,500 ጫማ ከፍታ በላይ እንዲያልቅ ያዛል። የለመደ እጅ ከ200 ጫማ ባነሰ ይመለሳል። አራታችንም በቃል ስንጠየቅ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ውዳሴ ማርያም እናነበንበው ነበር፤ እጃችን ግን አልሰማም። ለመልቀቅ የእኛ እጅ አምስት በረራ ፈጅቶበታል።

ሳይቸገር የለቀቀው የአዊው ልጅ ብቻ ነው። ጋሼ ገርሟቸው ከዚህ በፊት በርረህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። «ፈረስ ነው» አላቸው። ፈረስ ደንብሮ በኋላ እግሩ ሲቆምብህ ልጓሙን ከሳብክበት ይገለበጥብሃል፤ ልጓሙን ታላላለታለህ፣ ወደ አንገቱ ትደፋለህ፣ እሱ ራሱ ይወርዳል። አባቱ ያስተማሩት ይህን ነበር። ጋሼ ሰምተው ሲያበቁ ለሌሎቹ ተማሪዎቻቸውም እንዲነግርላቸው ጠየቁት፤ ከዚያ በኋላ ሲቆጡ «ልጓሙን ልቀቅ» ማለት ጀመሩ፤ ልጓም የሚለውን ቃል በአማርኛ።

የመነሻው ዓይነት ስቶል ይብሳል። ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ አፍንጫዋ ከሰማይ በስተቀር ሌላ እስከማይታይ ድረስ ይነሣል። ስትከዳ ብዙውን ጊዜ የግራ ክንፏ ቀድሞ ይወድቃል። ሾፌር የሆነ ሰው እጅ ወዲያው መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል። ስሕተት ነው፤ በዚያች ሰዓት መሪውን ማዞር የወደቀውን ክንፍ ማዕዘን ይበልጥ ሊጨምረውና አውሮፕላኗን እያሽከረከረ ሊያወርዳት ይችላል። ማቃናት በቀኝ እግር ነው። እዚህ ላይ የእግር ትምህርታችን ዋጋ አወጣ።

ይህ የእኛ የታክሲ ሾፌሮች ድክመት ነው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 እዚሁ አሜሪካ፣ ቡፋሎ አጠገብ፣ ለማረፍ ሲዘጋጅ ፍጥነቱ በጣም የወረደ የኮልገን ኤር አውሮፕላን ነበር። ማስጠንቀቂያው መሪውን ሲያንቀጠቅጠው ዋናው አብራሪ ሳበው። መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ጁን 1 ቀን ከሪዮ ወደ ፓሪስ የሚበረው የኤር ፍራንስ 447 የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ተደፍነው የተሳሳተ ቁጥር ሰጡ፤ መሪውን የያዘው አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ እየሳበ፣ የስቶል ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ እየጮኸ፣ አውሮፕላኑ ከ38 ሺህ ጫማ እስከ ውቅያኖስ ድረስ ወረደ። 228 ሰዎች። እነዚህ በአሜሪካና በፈረንሳይ የሠለጠኑ አብራሪዎች ናቸው። ይህን የምንጠቅሰው ለመካሰስ አይደለም፤ እጅ የሰው እጅ ስለሆነ ነው።

ከስቶል ሁሉ የሚፈራው ግን ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞሩ የሚመጣው ነው። አብራሪው ዘግይቶ በመዞሩ ማኮብኮቢያው ያልፈዋል። እመልሰዋለሁ ብሎ ይበልጥ ያጋድላል፣ በእግሩ ይገፋል፣ ይስባል። ማዕዘኑ ልኩን ያልፋል፤ ከበታቹ ያለው ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ነው፤ መመለሻ የለም። ይህን ለእኛ ማስረዳት አላስቸገረም። መውጫ ያመለጠው ሾፌር በመጨረሻዋ ሰከንድ ሦስት መስመር ሲቆርጥ በየቀኑ እናያለን፤ እኛም ተሳፋሪ ሲጮኽብን ቆርጠን እናውቃለን። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ መውጫው ካለፈህ አለፈህ፤ ነዳጅ ሰጥተህ፣ ከፍ ብለህ፣ ዞረህ መምጣት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት፣ ወደ 302 እንመለስ። ማክስ የተባለው 737 ሞተሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ወደፊትና ወደ ላይ ተጠግተው ተሰቅለዋል። በዚህ ምክንያት የክንፉ ማዕዘን ከፍ ሲል አፍንጫው በቀላሉ ወደ ላይ መሄድ ይቀናው ነበር። ያንን ለማረም ፋብሪካው ኤምካስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት አስገባ፤ ማዕዘኑ ከፍ ብሏል ተብሎ ሲነገረው በጅራቱ አግዳሚ ክንፍ አማካይነት አፍንጫውን ያወርዳል። አውሮፕላኑ በግራና በቀኝ ሁለት የማዕዘን ጠቋሚዎች አሉት፤ ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ ይህ ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር።

በ302 ላይ ከቦሌ እንደተነሣ የግራው ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ ከ15.3 ዲግሪ አልበለጠም። መዳፋችሁን አስታውሱ። 74 ዲግሪ ማለት መዳፋችሁን በነፋሱ ላይ እንደ ግድግዳ ማቆም ማለት ነው፤ እንዲህ የሆነ አውሮፕላን ሽቅብ ሊወጣ አይችልም፤ ይህ ግን እየወጣ ነበር። ክንፉ ጤነኛ ነው። በዋናው አብራሪ በኩል ያለው መሪ ግን «ስቶል! ስቶል!» እያለ በሐሰት ይንቀጠቀጣል። ፍላፑ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ኤምካስ ጋሼ እኛን ያስተማሩንን ነገር አደረገ፤ አፍንጫውን አወረደ። ያልከዳን ክንፍ ከስቶል ማውጣት ማለት ጤነኛ አውሮፕላንን ወደ መሬት መጣል ነው። አብራሪዎቹ ሳቡ። በዚያች ሰዓት መሳብ ልክ ነበር። በኖቬምበር 2018 በወጣው መመሪያ መሠረት ኤሌክትሪኩን ቆረጡት። የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ በእጅ በሚዞረው ጎማ ሊመልሱት ሞከሩ፤ በፍጥነቱ ብዛት የአየሩ ግፊት አላስነቃንቅ አላቸው። ኤሌክትሪኩን ሲመልሱት ኤምካስም አብሮ ተመለሰ።

ሞተሮቹ በመነሻ ኃይላቸው ላይ እንደቆዩና ፍጥነቱ ከተፈቀደው በላይ እንዳለፈ መዝጋቢው ያሳያል። ይህን አንደብቅም፤ ተሳፋሪዎቻችንም የሚያነሡት እሱን ነው። እኛ የምንለው ይህን ነው። እኛ ከ2,500 ጫማ በላይ ሰማይ ከሥራችን እያለ፣ አንዲት እውነተኛ ጥሩምባ ብቻ እየጮኸች፣ የተረጋጉ ሽማግሌ ከጎናችን ተቀምጠው፣ ትክክለኛውን ነገር ለማድረግ አምስት በረራ ፈጅቶብናል። እነሱ 6 ደቂቃ ነበራቸው፤ የሚያስጠነቅቃቸው ነገር ራሱ እየዋሸ። እኛ የጥሩምባችንን እውነተኛነት በአፋችን እናረጋግጣለን። እነሱ የተሰጣቸው ሁለት ጠቋሚ ያለው፣ አንዱን ብቻ የሚሰማ ማሽን ነበር።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማክስ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ ኤምካስ ሁለቱንም ጠቋሚዎች እንዲያነጻጽር፣ ካልተስማሙ እንዳይሠራ፣ በአንድ ጊዜም ደጋግሞ እንዳይገፋ ተደርጎ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፌብሩዋሪ 2022 ወደ ሥራ መለሰው። ጋሼ ይህን ሰምተው «ሁለት ጥሩምባ መስማት ያን ያህል ከባድ ነበር?» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ተሳፋሪ ከመሀል ከተማ ወደ ኤርፖርት ስንወስደው ያንኑ የቆየ ነገር አነሣ። መኪናውን የያዘው ከእኛ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎለት «እጅህን አውጣ» አለው። ሰውዬው ግራ ገባው፤ አወጣው። ቀና አድርገው፤ አደረገ። ጨምር፤ ጨመረ። እስከ ኤርፖርት ድረስ ስለ ጠቋሚዎቹ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ 74.5 ዲግሪ ተነጋገሩ። ሲወርድ አሁንም «ፍጥነቱን መቀነስ ነበረባቸው» አለ። ጓደኛችንም «አዎን፣ ያም እውነት ነው» አለው። ጨዋ ጭውውት ነበር፤ ቲፑም ደኅና ነው።

ስለራሳችን በአጭሩ፤ በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሥራውም ትምህርቱም ቆመ። ከዚያ በኋላ አንዳችን ልጁ ኮሌጅ ስለገባች ገንዘቡ ወደዚያ ዞረ። ሌላው በስኳር ምክንያት የሐኪም ማረጋገጫው ገና በክርክር ላይ ነው። የድሬዳዋው ብቻውን መብረር ጀምሯል፤ ሲስብ ማየት ከቀረ ቆየ። ፈቃድ ያወጣው የአዊው ነው። ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት ይላል፤ እሱ 71 ፈጀበት፤ በሥራና በበረራ መካከል እየተቆራረጠ ስለሆነ አያፍርበትም።

ከማኅበራችን ልጆች መካከል 16 ዓመት የሞላው ብቻውን መብረር፣ 17 የሞላው ፈቃድ ማውጣት እንደሚችል ወላጆች እንድታውቁልን እንወዳለን። ማየት የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ በኮሚቴው በኩል ንገሩን። ዝናብ ከሌለ ቅዳሜ ጧት ሬንተን ነን። ጃኬት ይያዝ፤ ቁርስ ባይበላ ይመረጣል። በአጥሩ በኩል መሐረብ ይዞ ክንፍ የሚስም ሰው ካያችሁ ከእኛ አንዱ ነው፤ ጠጋ በሉ።